የእንግዳ ቀለም

መርማሪው የተሰበረውን የአውሮፕላን እግር ሲያገላብጥ ከርሞ በመጨረሻ ጉዱን አገኘው። ብረቱ በአንድ ቀን አልተሰበረም፤ አውሮፕላኑ ባረፈ ቁጥር እየደከመ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አብጅቶ ኖሯል። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ነጭ ቀለም ገብቷል። አምና ሚኒስትሩ የአውሮፕላን መጠገኛውን ሃንጋር ሊጎበኙ ሲመጡ፣ ፍተሻው ተትቶ ባለሙያው ሁሉ ብሩሽ ጨብጦ ነበር፤ እንደ ወጉ አጥሩም፣ የዛፉ ግንድም፣ የአውሮፕላኑ እግርም ተቀባ።

"ምስክሬ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ቀለም ነው" አላቸው ለጥገና ኃላፊው ለአቶ ልሳነወርቅ። "ቀለሙ ሲቀባ ብረቱ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ነገ ይህንኑ ለሚኒስትሩ አሳይቼ፣ የቀሩት ሁለት አውሮፕላኖች ሳይመረመሩ እንዳይበሩ አስደርጋለሁ።"

አቶ ልሳነወርቅ ክው አሉ።

"ሚኒስትሩ ራሳቸው ሊመጡ? ምነው ኢንጂነር፣ ቀደም ብለው ቢነግሩን! ግዴለም፣ እርስዎ አያስቡ፤ እኛ እናሰናዳለን።"

በማግስቱ ሃንጋሩ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ አበባ ተደርድሮበት መርማሪውን ጠበቀው። ሚኒስትሩ ከነአጀባቸው የተሰበረውን እግር ከበው ቆሙ። መርማሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ብረቱ ላይ የተጣለውን ጨርቅ ገለጠና ጣቱን ስብራቱ ላይ አሳረፈ።

ጣቱ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

"እጅዎን፣ እጅዎን!" አሉ አቶ ልሳነወርቅ መሐረብ እያቀበሉት፣ ፊታቸው በኩራት እያበራ። "ገና አልደረቀም እኮ!"