ከኋላ የምትቀመጠው ሴት

«ሰው አጎበር የሚሰቅለው በፐርሰንት አይደለም» አለና ጩማ የፀደንያን ስላይዶች አንድ በአንድ አጠፋቸው።

ፀደንያ አንጀቷ አረረ። ስንት ደክማበት ነበር! ግራፉ ባለቀለም ነው፣ ትንኟም ክንፏን ታርገበግባለች። የተረፈላት አንድ ባዶ ነጭ ስላይድ ብቻ ሆነ።

«ይሄ ለብርሃን ይበቃኛል» አላት።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል ነው ይሄ የሆነው፤ በወላይታ ቆላ ቀበሌዎች ወባ የጸናበት ዓመት። ጩማ ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ የጤና ባለሙያ ነው፣ ፀደንያ ደግሞ ገና በኮንትራት የተቀጠረች የሶዶ ልጅ። ሥራቸው ሕዝቡ የታደለውን አጎበር አልጋው ላይ እንዲሰቅል ማሳመን ነበር። ሕዝቡ ግን ሣር ያስርበታል፣ ዶሮ ያጥርበታል፤ አባያ ዳር ያለው ዓሣ ያጠምድበታል።

መጀመሪያ የሄዱት ቢጠና ነው። ጩማ ጫፏ የተጣፈች የሕፃን አልጋ ነጭ አጎበር ከሻንጣው አውጥቶ ራሱ ሰቀላት። መጋዘኑ በአዲስ ሰማያዊ አጎበር ተሞልቶ እያለ ከዚህችው ጋር ሙጭጭ ብሏል።

«ጋሽ ጩማ፣ አዲሱን ላምጣልዎት?»

«ይቺ ትበቃለች።»

ከዚያ በወላይትኛ ጀመረ። አንድ አባት ነበር አለ። ትንሽ ልጁ የምትተኛው አጎበር ውስጥ ነው፤ «ቤቴ» ነበር የምትለው። አንድ ቀን አባትየው አጎበሩን ከአልጋዋ ላይ ፈትቶ ለሥራ ወሰደው። እናትየው ተው፣ ዝናቡ ገብቷል ብትለው፣ ነገ እመልሰዋለሁ አላት። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ልጅቷ ትኩሳት ያዛት። ስትቃዥ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባባ፣ ቤቴን መልስልኝ።

አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ።

«ለምን ሥራ ነው የወሰደው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ለሥራ» አለ ጩማ።

«ዓሣ ሊያጠምድበት ነዋ! እሱንስ ትንኝ ሳይሆን ጅብ ይብላው» አለ ሌላው።

ጩማ አጎበሯን ፈትቶ ወደ ሻንጣው መለሳት። ሰዉ ወጥቶ እያንዳንዱ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደና አጎበሩን ከዶሮ ቤት ላይ ገፈፈ። ፀደንያ እንዲህ ያለ ገለጻ አይታ አታውቅም፤ የግራፉንም ቂም ያን ቀን ረሳችው።

ሴትየዋን ልብ ያለችው ቦምቤ ላይ ነው። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ከኋላ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሌላው ሲያለቅስ እሷ አታለቅስም። የተሰቀለችውን አጎበር ብቻ ታያለች፤ ጩማ ሲጨርስ ብድግ ብላ ትወጣለች። አሁን ስታስታውሰው ቢጠናም ነበረች።

አረካ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ለስብሰባው ደብዳቤ እንኳ ገና አልደረሰኝም ብሎ ሲያማርር፣ እሷ ቀድማ ቦታዋን ይዛለች።

«እኔ ያቺ ሴትዮ ሰው አትመስለኝም» አለ ሾፌሩ ሻንቆ እያማተበ። «እኛ በመኪና እንመጣለን፤ እሷ በምን እየቀደመችን ነው?»

ጩማ እንዳልሰማ ሆኖ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ግን መድረክ ሲወጣ መጀመሪያ ከኋላ የሚፈልገው እሷን ነው። ሲያያት ዓይኑን ቶሎ ይሰብራል። ፀደንያ ፍርሃት አየችበት።

የሚያስፈራው ምንድነው? የልጅቷን አገር ስትጠይቀው «ሩቅ አይደለም» ይላል። ቢጠና ጠየቀች፣ ቦምቤ ጠየቀች፤ እንዲህ ያለች ልጅ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ደግሞ የሕፃን ፎቶ ስላይዱ ላይ እናስገባ፣ ፊት ያየ ሰው ይበልጥ ይነካል ብትለው አመድ መሰለ።

«ሁለተኛ እንዳታነሺው!»

«እሺ፣ ስሟስ?»

ጥሏት ወጣ።

ታሪኩን ፈጥሮታል ማለት ነው! ፀደንያ እንቅልፍ አጣች። ገለጻው ውሸት መሆኑ ከታወቀ እነዚያ ሁሉ አጎበሮች ወደ ዶሮ ቤት ይመለሳሉ፤ የሚሞቱት ደግሞ የእውነት ልጆች ናቸው። ያም ሆኖ ሴትየዋ ከሐሳቧ አልወጣ አለች። ካልተፈጠረስ? ልጅቷ የሴትየዋ ብትሆንስ? የሰው ሐዘን ሳያስፈቅድ እየዞረ ይቸረችር ይሆን?

ለአለቃዋ ለአቶ ደገፉ ነገረችው።

«አንቺ ደግሞ!» አለ ደገፉ። «ሰዉ አለቀሰ፣ አጎበሩን ሰቀለ። ሌላ ምን ፈለግሽ? ይልቅ ለሶዶው ተዘጋጂ፤ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። ከወደዱት በሌሎች ዞኖችም ይዞራል።»

በሶዶው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እንግዶቹ ከፊት ተደረደሩ። ፀደንያ ፕሮጀክተሩን ለሌላ ሰው ትታ ከኋላ ሄደችና ጥቁር ሻሽ ካሰረችው ሴት አጠገብ ተቀመጠች። ሴትየዋ አንድ ቃል ካለቻት መድረኩን ልታስቆም ቆርጣለች፤ ኮንትራቷ ገደል ይግባ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅቷ የእርስዎ ነበረች?»

ሴትየዋ ዞር ብላ አየቻት። «አዎ» አለች።

«አፈር ልብላልዎት! ጋሽ ጩማ ፈቃድ ጠይቆዎታል?»

«ፈቃድ?»

«አልጠየቀዎትማ! አሁኑኑ አስቆመዋለሁ። ሐዘንዎን በየቀበሌው ሲያዞርብዎት፣ ባለቤትዎን በሰው ሁሉ ሲያሰድብ ዝም ይባላል እንዴ?»

ጩማ መድረክ ላይ ወጣ። አጎበሯን ሰቅሎ ዓይኑን ወደ ኋላ ላከ፤ አገኛት። «አንድ አባት ነበር» አለ።

ፀደንያ ልትነሣ ስትል ሴትየዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይው እህቴ፤ እኔም በየሄደበት የምከተለው አንድ ቀን ‹አባትየው እኔ ነኝ› ይል እንደሆነ ብዬ ነው።»