ከባሏ ሥር

የባላቸው የአርባ ቀን ተዝካር በወጣ ማግስት፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ምድጃው አልሞቅ፣ መብራቱ አልበራ አለ። በዚያ ዘመን የከተማው ቤቶች ሁሉ የሚታዘዙት ከማዕከል ነበር። ትእዛዙም ተዋረድ አለው፤ ከከተማው ሥር ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ሥር ሕንጻው፣ ከሕንጻው ሥር አባወራው፣ ከአባወራው ሥር ሚስቱ።

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩት ወይዘሮ ማዕከሉ ድረስ ሄደው ጠየቁ።

«የጋሼ መዝገብ ሲሰረዝ ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል፣ እማማ» አለ ሠራተኛው ማስቲካውን እያኘከ። «ከልጅዎ ሥር ላስገባዎት?»

«አዳማ ካለው ልጄ? የገላ መታጠቢያዬን ውሃ ሙቀት እሱ ሊወስንልኝ?»

«አሠራሩ ነው።»

«በራሴ ስም ብመዘገብስ?»

«ለሚስት እንደዚያ ያለ ቦታ የለም።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሥራ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ቢያመጣላቸው ሳያርሙ ደብተሩን ይመልሱለት ነበር። ይሄ ግን ከተማ ያስተዳድራል!

ቤታቸው ተመለሱ። ቆጣሪውን አጥፍተው ከማዕከሉ ትእዛዝ የሚቀበለውን የመቆጣጠሪያ ሳጥን ከግድግዳው ፈቱና ሽቦውን በቀጥታ አገናኙት። ቆጣሪውን መልሰው ሲያበሩት ምድጃው ሞቀ። በማግስቱ ሳጥኑን ወስደው ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡለት።

«እማማ፣ ምን አደረጉ! አሁን እኮ መዝገብ ላይ የሉም። ቢታመሙ አምቡላንስ አይመጣልዎትም!»

«ድሮስ መቼ ነበርኩ?» ብለውት ወጡ።

በሳምንቱ እሳቸው ከሚኖሩበት ሕንጻ አራት ባልቴቶች መፍቻ ይዘው በራቸውን አንኳኩ።