የፈትለወርቅ ፊርማ

ቀለም የጸሐፊውን የልብ ምት ይዞ መቅረት ከጀመረ ወዲህ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ መጽሐፍ ላይ ያለው ፊርማ ሐሰተኛ መሆኑን መለየት ቀላል ሆኗል። ስልክን ፊርማው ላይ አስጠግቶ ማዳመጥ ብቻ ነው።

የትናየት፣ እናቷ ደራሲ ፈትለወርቅ የፈረመችበትን መጽሐፍ በኢንተርኔት የገዛችው የእናቷን የልብ ምት ለመስማት ነው። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በኮምፒውተር ብቻ ትጽፍ ስለነበረም ቤት ውስጥ የእጅ ጽሑፏ የለም።

ስልኩ ጥቂት አዳመጠና፣ «ሐሰተኛ፤ የወንድ ልብ ነው» አለ። ምቱ በየአራተኛው አንዴ ይዘላል። እንዲህ የሚመታ ልብ የትናየት የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ነህ የፈረምከው?»

አባቷ መርዕድ የሚልጠውን ብርቱካን አስቀመጠ። «እጇን ያማት ነበር። ሁሉንም እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

«ሁሉንም?»

«ስምንት መቶውን። ልነግርሽ አፍሬ ነው እንጂ፣ ከሷ ፊርማ የኔ ያምራል።»

የትናየት መሳቅ አቃታት። መጽሐፉን ለሻጩ ልትመልስ፣ ስልኩን ከፊርማው ላይ ልታነሳ ስትል፣ ምቱ ድንገት ፈጥኖ ጋለበ።

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?»

አባቷ አቀርቅሮ አዳመጠ፤ ጆሮው ቀላ። «እሷ ናታ። ስፈርም ከኋላዬ መጥታ አንገቴን ትስመኝ ነበር፣ እንዳበላሽ ብላ።»

የትናየት መጽሐፉን አልመለሰችም። ሻጮች «ፊርማው ሐሰተኛ» ብለው በርካሽ ያወጧቸውን የእናቷን መጽሐፎች እየፈለገች፣ አንድ በአንድ ማዘዝ ጀመረች።