የኮምቦ ቋጠሮ

ዛይቱኒ ከውሃው ብቅ አለች፣ የመጥለቂያ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችና አየር ስባ መልሳ ጠለቀች። አርባ። እንደገና ቆጠረች፤ አሁንም አርባ። ብረት መደቧ ላይ በቢጫ ሲባጎ የታሰሩት የኮራል ችግኞች አንድም ሳይጎድል ሕይወት አላቸው።

ዓይኗን ማመን አቃታት። ያለፈው ዓርብ ሦስት ብቻ ነበሩ የቀሩት። ሠላሳ ሰባቱ እንደ አጥንት ነጥተው አይታለች። ለኮራል ተካዮች ማኅበሩ ሴቶች ትንፍሽ ሳትል ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ባሏ ኮምቦ መረቡን እየጠገነ፣ «ለድንጋይ ደግሞ የምን ልቅሶ ነው?» ብሎ ስቆባት ነበር።

ይባስ ብሎ ቀለማቸው። እሷ ያሰረችው ቡናማውን ነው፤ እነዚህ ጫፋቸው ሰማያዊ ነው። ከሞት ሲነሱ ቀለም ይቀይሩ ይሆን? መጠየቅ አፈረች።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ታች ሁለተኛ ባል አገኘሽ እንዴ?» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢ ሙዋካ፣ አጠገቧ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው። «ብቅ በይ፣ ተራሽ ደርሷል!»

ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ። ዛይቱኒም ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

የማኅበሩ ሕግ አጭር ነው። በዓመቱ ቆጠራ ችግኟ ከግማሽ በላይ የሞተባት ሴት መደቧን ለሌላ ታስረክባለች። ዛይቱኒ ይህን መደብ ለማግኘት አራት ዓመት ተራ ጠብቃለች። በዕድሜዋ የኔ ያለችው ነገር እሱ ብቻ ነው። ዛሬም ከቤት የወጣችው ልትሰናበተው ነበር።

ጀልባዋ ተጠጋች። ቆጣሪው መምህር ፋኪ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከኋላው ቆሞ በአጣና የሚገፋው ኮምቦ ነው፤ ለቆጠራ ሁልጊዜ የሚቀጠረው እሱ ነው። ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሏል። ጠዋት ስትጠይቀው፣ «የባሕር ጃርት ወጋኝ» ብሏት ነበር።

«ቢስሚላሂ በይና ጀምሪ» አለ መምህር ፋኪ።

መምህሩ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሴቲቱ ራሷ እያንዳንዱን ችግኝ በእጇ እየዳበሰች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ እሱ ይጽፋል። በእጅ ያልተነካ አይቆጠርም።

«አንድ» አለች። ጣቷ የራሷን ቋጠሮ አገኘ፤ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ጅራት። «ሁለት። ሦስት።»

አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ሲባጎው ሲባጎዋ ነው፤ ቋጠሮው ግን የሷ አይደለም። ጠንካራ፣ ድቡልቡል፣ ጅራት የሌለው። አምስተኛውን ዳበሰች፤ እሱም ያው። ይህን ቋጠሮ ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጇ ላይ በሚሰጣው መረብ ላይ አይታዋለች። አይፈታም፤ ይቆረጣል እንጂ።

ቀና ብላ ባሏን አየችው። ኮምቦ እንደ ሕፃን ፈገግ ብሏል።

ያኔ ሰማያዊው ነገር ገባት። ሰማያዊ ጫፍ ያለው ኮራል የሚገኘው መንካት በተከለከለው የባሕር ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም ከአያቶቻቸው በፊት የነበረው ትልቁ ኮራል ነው። አምና ኮምቦን እጁን ይዛ ወስዳ ያሳየችው ራሷ ናት። ሴቶቹ ለችግኝ ሞገድ ሰብሮ አሸዋ ላይ የጣለውን ይለቅማሉ እንጂ ከሕያው አንዲት ዘለላ አይሰብሩም።

«አራት ልበል?» አለ መምህር ፋኪ።

ዛይቱኒ ዓይኗን ከኮምቦ ላይ አላነሳችም።

ኮምቦ በአጣናው ተደግፎ ወደ እሷ አጎነበሰ። «ቁጠሪ እንጂ» አለ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው። «ሕይወት የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው።»

«ታዲያ? ካሳቫም እኮ ተቆርጦ ነው የሚተከለው።»

ልትጮህበት ፈለገች፤ እቅፍ ልታደርገውም ፈለገች። ይህ ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድቶላት አያውቅም። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ለመጥለቅ ስንት ንጋት ሹልክ ብሎ ወጥቶ ይሆን? ትልቁ ኮራልስ አሁን ምን መስሎ ይሆን? ለየትኛው አስቀድማ እንደምታዝን ግራ ገባት።

«ዛይቱኒ?» አሉ ቢ ሙዋካ። አሁን አልቀለዱም።

«ሦስት» አለች።

«ሦስት... ከዚያስ?»

«ሦስት ነው መምህር። ሦስት ብለህ ጻፍ።»

መምህር ፋኪ ከመነጽሩ በላይ አያት፤ ከዚያ ጻፈ። ቢ ሙዋካ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው አነሱት። መደቡ ሄደ።

የኮምቦ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንደሚያደርገው ያላወቀ ይመስል ነበር። አጣናውን ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጦ ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ወረደና አጠገቧ ቆመ።

«አመድ አፋሽ አደረግሽኝ አይደል?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር እንጂ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «በምን አወቅሽ?» አላት።

ዛይቱኒ ግራ እጁን ያዘች። ጨርቁን ፈታችው፤ ጣቶቹ በስለት የተተለተሉ ይመስሉ ነበር። ውሃው ውስጥ ይዛው ወረደችና የቆሰለ ጣቱን አራተኛው ቋጠሮ ላይ አኖረችው።