ቢላዋ የተከለከለው አባወራ

በ2061 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ደምሰው፣ ሚስቱ አስካለና ወንጀለኞች ወንጀል ለመፈጸም እንዴት እንደሚወስኑ የምታጠናው የዶክትሬት ተማሪ ቤዛዊት ጓሮ ቆመው ነበር።

ደምሰው ሰው በጥፊ እንኳ መትቶ አያውቅም። መንግሥት እጁ ላይ ያሰረው፣ ሲናደድ የሚቀላው አምባር ግን «ወደፊት ወንጀል ይፈጽማል» ስላለ፣ ከቤቱ ቢላዋ ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሆነው። አስካለ ሽንኩርት የምትከትፈው ጎረቤት ሄዳ ነው። የእገዳው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፤ አምባሩ ካልቀላ ይነሣል።

«ጋሼ፣ ዶሮዎን ሌላ ሰው ሲያርድልዎ ምን ይሰማዎታል?» አለች ቤዛዊት።

«ደስ ይለኛል» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«እንግዲያው እኔ ልረድልዎ? ቢላዋ ይዣለሁ።»

«እኔ ቆሜ ሴት ልታርድ? የአስካለን ቀሚስ አምጡልኝና ልልበሳ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ!» አለች አስካለ። አምባሩ ቀላ።

«ጥያቄው የጥናቱ አካል ነው» አለች ቤዛዊት እየጻፈች። «ጥሩ መረጃ ሰጡኝ።»

«አናደሽ አናደሽ ወንጀለኛ ልታደርጊኝ ነው!»

እገዳው በአምስት ዓመት ተራዘመ፤ ቤዛዊትም በዚያው ክረምት ዶክተር ተባለች።