የአረንጓዴው ቀሚስ ካርድ

የሒሳብ አስተማሪዋ ደመወዟ የት እየገባ እንደሚያልቅ ለማወቅ ቆርጣ የተነሳችው ቁምሳጥኑ አልዘጋ ያለ ቀን ነው። ሳምንት ሳይሞላ፣ በቤቱ ውስጥ ላለው ልብስ ሁሉ፣ ካልሲ ሳይቀር፣ አንድ አንድ ካርድ ተዘጋጀለት። ካርዱ ላይ ልብሱ የተገዛበት ዋጋ ተጽፏል። በተለበሰ ቁጥር አንድ ጭረት ይጫርበታል። ዋጋው ለጭረቶቹ ብዛት ሲካፈል፣ ያ ልብስ አንዴ ሲለበስ ስንት እንደሚያስወጣ ይታወቃል።

«ሥራ ፈት ልብስ አልቀልብም» አለች። «በዓመት ሃያ ጊዜ ያልተለበሰ ይሸጣል። ከግማሽ ቀን በታች የተለበሰ ደግሞ አይቆጠርም።»

ባልዋ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። አንድ ጊዜ የገዛ አማቱን ያለ ትኬት አግኝቶ፣ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ከአውቶቡስ ያወረዳቸው ሰው ስለሆነ ደንብ ሲነገረው አይከራከርም። «እሺ» አለ። ወደ ቁምሳጥኑ አየት አድርጎ ግን «አረንጓዴውም?» ሲል ጠየቀ።

«አረንጓዴውም።»

አረንጓዴውን ቀሚስ ለተጋቡበት አሥረኛ ዓመት የገዛላት እሱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ትርፍ ሰዓት ሠርቶበታል። እሷ ደግሞ እንዳያልቅባት ስትሳሳለት፣ ካርዱ ከተጀመረ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ለበሰችው።

ካርዶቹን የምትደምረው በየሦስት ወሩ ነበር። በሦስተኛው ድምር ላይ እጇ አረንጓዴው ቀሚስ ካርድ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አሥራ አራት ጭረት።

እንደገና ቆጠረች። አሥራ አራት ነው።

ቀሚሱን አውርዳ መረመረችው። የቀኝ ትከሻው ስፌት ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል። ብብቱ ላላ ብሏል። አንገቱን ስታሸተው የባልዋ የጢም ሳሙና ሸተታት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ ለታላቅ እህቷ ነገረቻት።

«ሴት አለችው» አለች እህትየው፣ ሳትቀመጥ። «ቀሚስሽን እያለበሰ ያቅፋታል። ሳሙናው ከዚያ ነው።»

«እታለም፣ ሌላ ሴት ካርድ ትሞላለች እንዴ?»

«የሰው ባልና የሰው ቀሚስ ስትወስድ ያልከበዳት፣ ጭረት ይከብዳታል?»

አስተማሪዋ ይህን ስታስበው ልክ ሆኖ አገኘችው። ማን እንደሆነች ለመገመትም ጊዜ አልፈጀባትም። የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ፀጉር ሠሪ አለች። ቀሚሱ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቀን ጨርቁን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተሰቅሎ ይቅር?» ብላ ነበር። ሱቋንም ቅዳሜ ቅዳሜ የምትከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው። አስተማሪዋ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት አላት። ባልዋ የዚያን ቀን ሥራ ስለማይገባ ቤት ሆኖ ምሳ ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ። «ልጅቷ እኮ እንደ ማበጠሪያ ቀጭን ናት። ትከሻውን ምን ተረተረው?»

«ደልቷት ነዋ» አለች እህትየው።

ከዚያ በኋላ ካርዱን ሳምንት በሳምንት ታየው ጀመር። ቅዳሜ ሲመሽ አሥራ አምስት። በሚቀጥለው አሥራ ስድስት። ከዚያ አሥራ ሰባት፤ በዚያ ቀን በቀሚሱ ቀበቶ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ አገኘች። ምሳም ያበላታል ማለት ነው። ለእሷ የሠራውን ምሳ።

ያን ዕለት ማታ፣ እራት ላይ፣ «ዛሬ ቤት ማን መጥቶ ነበር?» አለችው።

«ማንም።»

«ልብሶቼን የነካ ሰው የለም?»

ባልዋ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ደንብ የጣሰ የለም» አለ አቀርቅሮ።

አሥር ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ሲያቀረቅር አይታው አታውቅም። ሌሊቱን ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ውስጥ ውስጡን አለቀሰች። ሐሙስ ዕለት የእሱን ልብስ ከነካርዱ በሁለት ሻንጣ ከተተች። ለእያንዳንዱ ሻንጣ ድምር አወጣችለት። እያለቀሰች እንኳ ድምሩ አልተሳሳተባትም። አረንጓዴውን ቀሚስ ግን በማን በኩል እንደምታደርገው ጨነቃት፤ መልሳ ሰቀለችው።

ቅዳሜ ተማሪዎቿን ገና በመጀመሪያው ሰዓት አሰናበተቻቸው። እህቷ ጥግ ላይ ትጠብቃት ነበር። ሁለቱም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

ፀጉር ሠሪዋ ሳሎን ውስጥ፣ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። የለበሰችው የራሷን ሽርጥ ነው። በከንፈሯ መርፌ ይዛለች።

«ቀድመሽ አወለቅሽው?» አለች አስተማሪዋ።

«ምኑን?»

«ቀሚሴን ነዋ። ባሌን እንኳ ውሰጂው። ቢያንስ በራስሽ ልብስ አትመጪም?»

ልጅቷ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። አስተማሪዋን አየች፤ እህትየውን አየች፤ የያዙትን ጫማም አየች።

«እትዬ፣ እኔ ለብሼው አላውቅም» አለች። «እኔን ጋሼ የሚጠሩኝ ስፌቱ ሲተረተር ነው።»

«በሩ ላይ አትቁሙብኝ፣ ብርሃን ጋረዳችሁኝ፤ ቀሚስሽ ሃያ ሞልቶ ከሽያጭ እንዲተርፍ ከዛሬ ሌላ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ባልዋ፣ አረንጓዴውን ቀሚስ እንደለበሰ ድንች እየላጠ።