ከወንበሩ ሥር ያለው ማብሪያ

ቀኑን ሙሉ የእትዬን የሣር ማጨጃ ሞተር ስጠግን ውዬ ወገቤ ተቆርጧል። የድሮው ፓምፕ ቤንዚን መሳብ ስላቃተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ገጠምኩለት። ማሽኑ እንደ መኪና ተቀምጠው የሚነዱት ነው። ስለዚህ የፓምፑን ሽቦ ሁልጊዜ ከወንበሩ ሥር ባለው ማብሪያ በኩል አሳልፈዋለሁ፤ ሰው ሲቀመጥ ፓምፑ ይሠራል፣ ሲነሣ ይቆማል። ነጂው ቢወድቅ እንኳ ቤንዚን አይፈስም።

"ባለቤቴ በሕይወት እያለ ከዚህ ወንበር አይወርድም ነበር" አሉ እትዬ፣ የጋራዡን በር ተደግፈው። "ምሳውንም እዚሁ ነበር የሚበላው። አሁንስ ተሸጦ ቢሄድልኝ እፎይ እላለሁ።"

"ገዢ አይጠፋም" አልኳቸው። ለወሬ አቅም አልነበረኝም።

ቆሜ እንዳለሁ ቁልፉን አዞርኩ። ፓምፑ ትክ ትክ ማለት ጀመረ።

ደክሞኝ ሽቦ አምታትቼ ይሆናል ብዬ አጠፋሁትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታተልኩት። ምንም ስህተት የለውም። ማብሪያውን ፈትቼ በጣቴ ሞከርኩት፤ ስጫነው ይሠራል፣ ስለቀው ይቆማል። መልሼ ገጠምኩትና ቁልፉን አዞርኩ። ትክ ትክ ትክ።

ያን ጊዜ ነው ወንበሩን ልብ ብዬ ያየሁት። መሐሉ ወደ ታች ሰርጉዷል።

እትዬ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ተነሥ በቃ" አሉ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወንበሩ እያዩ። "ሰውየው ደክሞታል፤ ጨርሶ ቤቱ ይግባ።"

ፓምፑ ቆመ። የወንበሩ ስፖንጅ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ።